ለሳም ምዝገባ አትክፈሉ፤ ማኅበርም ኮንትራት አያድልም

ዛሬ ቢሮ ያየሁት ነገር በጣም ስላናደደኝ ቶሎ ልጻፈው።

አንዲት እህታችን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ላይ የሳይበር ሴኩሪቲ ድርጅት ከፍታለች። ሥራዋን ጠንቅቃ የምታውቅ ባለሙያ ናት። የጨረታ ሰነድ ላዘጋጅላት ወረቀቶቿን ሳገላብጥ ሁለት ደረሰኝ አገኘሁ። አንዱ ለሳም (SAM.gov፣ ከፌዴራል መንግሥት ኮንትራት ለመውሰድ ድርጅቶች የሚመዘገቡበት ድረ ገጽ) ምዝገባ የከፈለችው ብዙ መቶ ዶላር ነው። ሌላው የአንድ የቴክኖሎጂ ማኅበር የአባልነት ክፍያ ነው። አማካሪ ነኝ ባዩ ሰውዬ «አባል ከሆንሽ የመንግሥት ሥራ ራሱ ይመጣልሻል» ብሏታል። አይመጣም። ይህ ወሬ በአማርኛ ቲክቶክም በየቴሌግራሙም ስለሚዞር አንድ በአንድ ልናገር።

በእኛ አካባቢ ትልቁ የቴክኖሎጂ ማኅበር የሰሜን ቨርጂኒያ ቴክኖሎጂ ካውንስል ነው። የንግድ ማኅበር እንጂ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። እንዲህ ዓይነት ማኅበር ለአባሎቹ የሚያደርገው ይህን ነው፦

1. ያገናኛል። ሥራውን በቀጥታ ከመንግሥት የሚወስዱ ትልልቅ ፕራይም ኮንትራክተሮች፣ ባንኮች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ጀማሪ ድርጅቶች አንድ አዳራሽ ይገባሉ። ትንሽ ድርጅት የመጀመሪያውን የፌዴራል ሥራ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በሰብ ኮንትራክት ስለሆነ፣ ከፕራይሙ ሰው ጋር ፊት ለፊት መተዋወቅ ትልቅ ነገር ነው። ግን ምን እንደምትሠሩ በአንድ ገጽ ካፓቢሊቲ ስቴትመንት ካላዘጋጃችሁ ቢዝነስ ካርድ ሰብስባችሁ ትመለሳላችሁ።

2. ሪችመንድ ላይ፣ በስቴቱ ምክር ቤት፣ ይሟገታል። ዳታ ሴንተሮች ለሚገዙት መሣሪያ የሽያጭ ታክስ እንዳይከፍሉ የሚፈቅደው ሕግ እንዲቀጥል ካውንስሉ ሲከራከር ኖሯል። የቨርጂኒያ ምክር ቤት የኦዲትና ግምገማ ኮሚሽን፣ ጄላርክ፣ በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2023 የበጀት ዓመት ብቻ በዚህ ሕግ 928 ሚሊዮን ዶላር ታክስ ሳይከፈል ቀርቷል። አሽበርን ላይ ዳታ ሴንተር ላለው ኩባንያ ይህ ብዙ ገንዘብ ነው። ሦስት ሠራተኛ ላላት ድርጅት ግን በቀጥታ የሚደርሳት ነገር የለም። ስለዚህ የትኛውም ማኅበር ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ሪችመንድ ላይ የማንን ጉዳይ ይዞ እንደሚቆም ጠይቁ።

3. ሠራተኛ። ካውንስሉ ከሠራዊቱ የተሰናበቱ ሰዎችን ከአባል ድርጅቶች ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም አለው። ሴኩሪቲ ክሊራንስ ያለው ሰው በጭንቅ በሚገኝበት ከተማ ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት።

አሁን ወደ ሳም ልመለስ። የማኅበር ጉዳይ አይደለም፣ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም።

የሳም ምዝገባ ነፃ ነው። በየዓመቱ ማደሱም ነፃ ነው። ከኤፕሪል 4 ቀን 2022 ጀምሮ የደንስ (DUNS) ቁጥርን የተካው ዩኢአይ (UEI) የሚባለው የድርጅት መለያም ነፃ ነው። ስትመዘገቡ ስማችሁና አድራሻችሁ ሕዝብ በሚያየው መዝገብ ላይ ስለሚወጣ፣ ወዲያው ኢሜይልና ስልክ ይጎርፍባችኋል። ለዚህች እህት የመጣውን ኢሜይል አንብቤዋለሁ። ከላይ ንስር ያለበት ማኅተም አለው፤ ከሥር በቀይ «ምዝገባሽ ዛሬ ይቋረጣል» ይላል። የላኪው አድራሻ ግን በዶት ኮም ነው የሚያልቀው። የመንግሥቱ በዶት ገቭ ነው የሚያልቀው። መጀመሪያ እሱን እዩ። እንዲህ እያስመሰሉ ማስከፈል በጠራራ ፀሐይ የሰው ላብ መብላት ነው።

በዚያ ላይ እነዚህ ሰዎች ተከፍሏቸው እንኳ ብዙ ጊዜ ቅጹን በትክክል አይሞሉትም። በሳም ላይ የድርጅታችሁ ስም የቨርጂኒያ ስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ጋ ካስመዘገባችሁት ስም ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። ብዙዎቻችን ድርጅቱን በአባታችን ስም እንሰይመዋለን። «ገብረ» አንዱ ሰነድ ላይ ለብቻው፣ ሌላው ላይ ተያይዞ ይጻፍና ማረጋገጫው ይቆማል። ፖስታ ሣጥንም በድርጅቱ መገኛ አድራሻነት አይቀበሉም።

እርዳታ ከፈለጋችሁ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው ኤፔክስ አክሰለሬተር የሚባል የመንግሥት ጨረታ ምክር ማዕከል አለ። ድሮ ፒታክ ይባል የነበረው ነው፤ ከመከላከያ ሚኒስቴር በጀት ያገኛል፣ ከእናንተ አይቀበልም። የቨርጂኒያ ስቴት ለትንንሽ፣ ለሴቶችና ለአናሳ ወገን ድርጅቶች የሚሰጠው የስዋም ሰርተፊኬትም በነፃ ነው። የሚያበሳጨኝ ግን ነፃ እርዳታ የሚሰጡት መሥሪያ ቤቶች አጭበርባሪዎቹ የሚደርሱበትን ያህል ሰው ጋ አለመድረሳቸው ነው። ማኅበራቱም ቢሆኑ የአባልነት ክፍያ ሲቀበሉ «ለሳም አትክፈሉ» የሚል አንድ መስመር ኢሜይል ቢልኩ አይጎዱም። አባልን መደገፍ ከዚህ ነው የሚጀምረው። ስለ ቁርስ ፕሮግራማቸው መላኩን እኮ ያውቁበታል።

ሌላም አንድ ነገር። የፌዴራል መንግሥት ለተገፉ ሰዎች ትንንሽ ድርጅቶች ስላለው ኤይት ኤ (8(a)) ፕሮግራም «ጥቁር ስለሆንክ ኤይት ኤ ወዲያው ይሰጥሃል» የሚሉም አሉ። ቴነሲ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት በጁላይ 2023 ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ በዘር ብቻ ተገፍተሃል ተብሎ የሚሰጥ ነገር የለም፤ የደረሰባችሁን መገፋት እያንዳንዳችሁ ማስረዳት አለባችሁ። የፕሮግራሙ ዘመን 9 ዓመት ነው፣ በሕይወታችሁም አንዴ ብቻ ነው የምትገቡበት። ደንበኛ ሳይኖራችሁ ከገባችሁ ዓመታቱ በከንቱ ያልቃሉ።

ማኅበር አትግቡ አላልኩም። ሥራ ለያዘ ሰው ጥሩ በር ነው፤ ግን መጀመሪያ በእንግድነት አንድ ዝግጅት ላይ ተገኙና አዳራሹ ውስጥ የእናንተን ሥራ የሚገዛ ሰው መኖሩን አረጋግጡ። ለሳም በክሬዲት ካርድ የከፈላችሁ ዛሬውኑ ባንካችሁ ጋ ደውላችሁ ክፍያውን ተከራከሩ። አዲስ ኤልኤልሲ የከፈተ የምታውቁት ሰው ካለ ይህን ላኩለት፤ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይድረሰው።