ተጨማሪ መረጃ፦ የኢሉባቦር ቡና ከበቅሎ ጀርባ እስከ ዲጂታል ሰነድ

የኢሉባቦር ቡና በመርከብ መጓዝ የጀመረው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 አፄ ምኒልክ ከብሪታንያ ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ጋምቤላም የወንዝ ወደብ ሆነች። የጎሬ ከተማ ነጋዴዎች ቡናውን በበቅሎና በሸክም ከደጋው ቁልቁል ያወርዱት ነበር። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባዎች በሶባትና በነጭ ዓባይ አድርገው ካርቱም ያደርሱት ነበር። ውሃው ከጎደለ ግን ጭነቱ ቀጣዩን ክረምት መጠበቅ ግድ ይለው ነበር።

አሁን የመቱና የያዮ ቡና በጭነት መኪና አዲስ አበባ፣ ከዚያም ጅቡቲ ይደርሳል። ከመንገዱ በላይ የተለወጠው የመረጃው አካሄድ ነው። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት ላኪው ሰነዱን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ከመዞር ይልቅ በኢንተርኔት እንዲያስገባ አስችሎታል። ቡናውን ከጅቡቲ የሚወስደው መርከብም ማንነቱንና ያለበትን ቦታ በሬዲዮ ሞገድ ያለማቋረጥ ያስተላልፋል።

ትልቁ ለውጥ ግን ከባሕር ርቆ፣ እዚሁ ማሳው ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የደን ጥበቃ ደንብ ቡናው የበቀለበት ማሳ መገኛ ከጭነቱ መረጃ ጋር እንዲቀርብ ይጠይቃል። የያዮ ደን ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ይህን ደን ጠብቆ ያኖረ ገበሬ ማሳው ስላልተመዘገበ ብቻ ገበያ ማጣት የለበትም። ከ4 ሄክታር ላልበለጠ የቡና ማሳ አንድ የኬክሮስና የኬንትሮስ ነጥብ ይበቃል፤ እሱንም በእጅ ስልክ መውሰድ ይቻላል።