ወረቀቱ ያተረፈው ልኬት

«ደም ግፊቷን ለክቼ አስገብቼ ነበር፤ ዛሬ ብከፍተው የለም።»

የደወለችልን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ እኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች «ሴቭ ሳታደርጊው ቀርተሽ ይሆናል» ማለት ይቀናናል። እሷ ግን በወረቀት መዝገብም ጽፋው ነበር፤ የነፍሰ ጡሯ ስም፣ ቀኑና ልኬቱ አለ።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ አንስቶ በአንድ ጤና ኬላ የሚመደቡት በአብዛኛው ሁለት ባለሙያዎች ናቸው። የቀበሌውን ቤተሰቦች አብረው ይከታተላሉ፤ ስለዚህ አንዱ ማህደር በሁለቱም ታብሌት ውስጥ ይገኛል። ጎጥ ለጎጥ ሲዞሩ ኔትወርክ የለም። እኛ የሠራንላቸው አፕ ሥራቸውን ታብሌቱ ላይ ያቆይና መስመር ሲያገኝ ከማዕከላዊው ሰርቨር ጋር ሲንክ ያደርጋል።

የሰርቨሩን ሎግ ስናይ ልኬቱ ደርሶ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት 2፡30 ላይ የሥራ ባልደረባዋ የዚያችኑ ነፍሰ ጡር ስልክ ቁጥር አስተካክላለች። እሷ ደግሞ 4፡00 ላይ ደም ግፊቷን ለካች። የባልደረባዋ ታብሌት በፈረንጅ ሰዓት ስለሚሄድ 8፡30 ብሎ መዘገበ፤ የእሷ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ስለተሞላ 4፡00 አለ። እኛ የጻፍነው ሕግ «የኋለኛው ሰዓት ያሸንፋል» የሚል ነበር። ቀድሞ የተጻፈው ኋላ የተጻፈውን፣ ያውም መዝገቡን በሙሉ ሻረው።

ባለሙያዋ ሰዓቷን በአገሯ ልማድ መሙላቷ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የእኛ ነው። ሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በተራራቁ ኮምፒውተሮች ላይ የትኛው ድርጊት እንደቀደመ ያለ ግድግዳ ሰዓት እንዴት እንደሚታወቅ አሳይቷል። እያወቅን አቋራጩን መረጥን።

አሁን እያንዳንዱ መዝገብ የእትም ቁጥር አለው። ታብሌቱ «እትም 7ን ይዤ ነው ያረምኩት» ይላል፤ ሰርቨሩ 8 ላይ ደርሶ ከሆነ ሌላ ሰው በመካከል እንደነካው ያውቃል። ስልክ ቁጥርና ደም ግፊት ለየብቻቸው ስለሚታዩ ሁለቱም ይቆያሉ። ልኬት ደግሞ ፈጽሞ አይተካም፤ አዲሱ ከቀድሞው ሥር ይጨመራል። ሁለት ሰው ያንኑ መስክ ለየቅል ከሞላው ሁለቱም ተይዘው ለባለሙያዎቹ ይቀርባሉ፤ ሴትዮዋን የሚያውቋት እነሱ ናቸውና።

መስመር መሃል ላይ ሲቆረጥም ሌላ ችግር አለ። ሰርቨሩ ተቀብሎ «ደርሶኛል» የሚለው መልስ ከጠፋ ታብሌቱ ደግሞ ይልካል፤ የተላከው የልደት መዝገብ ከሆነ አንድ ሕፃን ሁለት ጊዜ ይወለዳል። መለያ ቁጥሩን እዚያው ታብሌቱ ላይ፣ በ128 ቢት፣ ስናወጣለት ሰርቨሩ ያንኑ ሕፃን ለይቶ ያውቀዋል።

ወረቀት ላይ ስህተት የሚታረመው በአንድ መስመር ተሰርዞ ነው፤ ከሥሩ ያለው ይነበባል። የእኛ አፕ ግን ያለ ምልክት አጥፍቶ ነበር። ባለሙያዋ ልኬቱን ከወረቀቷ ገልብጣ መለሰችው። እነዚህን ሴቶች «ከእንግዲህ ወረቀቱን ተዉት» ከማለታችን በፊት፣ ወረቀቱ የሚጠብቅላቸውን ያህል ልንጠብቅላቸው ይገባል።