ተጨማሪ መረጃ፦ ከከሚሴ እስከ ሪያድ የሚዘልቅ መስመር

ከከሚሴ፣ ከባቲና በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ካሉት ሌሎች ወረዳዎች ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚሄደው ወጣት ብዙ ነው። የቤተሰቡ ናፍቆት የሚያርፈው በስልክ ላይ ነው።

ሳዑዲ በኢንተርኔት መተግበሪያዎች መደወልን የፈቀደችው በመስከረም 2010 ዓ.ም. ነው። በሌላ በኩል ዱባይ ላይ የዋትስአፕ ጥሪ አሁንም ታግዷል፤ ጽሑፍና የድምፅ መልእክት ግን ያልፋል። የድምፅ መልእክት ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል፦ የአንድ ደቂቃው ከአንድ ሜጋባይት በታች ስለሆነ በደካማ ኔትወርክም ይደርሳል። ማንበብ የማትችል እናትም በኦሮምኛ የተላከላትን ደጋግማ ታደምጠዋለች።

ትልቁ ጥንቃቄ ሲም ካርድ ላይ ነው። በሳዑዲ ሲም የሚወጣው በጣት አሻራ ተመዝግቦ ነው። በሌላ ሰው ስም በወጣ ቁጥር ዋትስአፕ የከፈተ ሰው፣ ባለቤቱ መስመሩን ያዘጋበት ዕለት ከቤተሰቡ ሊቆራረጥ ይችላል። የኢትዮጵያውን ሲምም መጣል አይገባም፤ የቴሌብርና የባንክ የማረጋገጫ ቁጥሮች የሚመጡት በእሱ ነው። ውጭ አገር ሲገባ የዚህን ሲም የዳታ ሮሚንግ ማጥፋት ሒሳብ ሳይታሰብ እንዳያልቅ ያደርጋል።

መስመሩ ከአገር ቤት በኩልም ይቋረጣል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። መደበኛ የስልክ ጥሪ ዳታ አይፈልግም፤ ስለዚህ ተጓዡ የቤተሰቡንና የአንድ ጎረቤት ቁጥር ከ+251 ጀምሮ በወረቀት ጽፎ ቢይዝ ይበጀዋል።