የወጣቶች ደሴትና የባይተዋርነት ኑሮ

የጉራጌ ልጅ ከእምድብር ተነሥቶ መርካቶ ውስጥ ኑሮን መመሥረት ከአባቶቹ የወረሰው ጥበብ ስለ ሆነ፣ በሰው አገር ስለ መኖር ሌላ መምህር አያሻውም የሚል ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ወደ አዲስ አበባ የወጣው ልጅ የሚያርፍበት የዘመድ ቤት፣ የሚገባበት ዕቁብ፣ መስቀል ሲደርስም ወደ አገሩ የሚመልሰው መንገድ ነበረው፤ ለትምህርት ውቅያኖስ ተሻግሮ የእስፓንያ ቋንቋ ወደሚነገርበት ምድር የሚሄደውን ግን ከእነዚህ አንዱም አይከተለውም።

ይህን ኑሮ በብዛት የቀመሱት፣ ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ በ1970ዎቹ መባቻ ወደ ኩባ የተላኩት ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ አባቶቻቸውን በጦር ሜዳ ያጡ ሲሆኑ፣ ማደሪያቸው ቀድሞ የጥድ ደሴት ይባል የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣቶች ደሴት ተብሎ የተሰየመው ምድር ሆነ። በዚያም የአንጎላ፣ የሞዛምቢክና የናሚቢያ ልጆች ጎረቤቶቻቸው ነበሩ፤ የዕለቱን እኩሌታ በትምህርት፣ እኩሌታውን በብርቱካንና በመሰል ፍሬዎች እርሻ ያሳልፉ ነበር። እንደ እኔ አስተያየት ከመማሪያ ክፍል ይልቅ ለወዳጅነት የሚመቸው እርሻው ነው፤ ምክንያቱም በመምህር ፊት በቋንቋ መሳሳትን የሚያፍር ተማሪ፣ ቅርጫት ከተሸከመ ባልንጀራው ጋር ሲቀልድ እፍረቱን ይረሳልና። በአንጻሩ የአገር ልጆች በአንድ ማደሪያ መሰብሰባቸው ናፍቆትን ቢያስታግሥም፣ ማኅበሩ የደጁን ሰው የሚከለክል አጥር የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የእስፓንያ ቋንቋ ራሱ ለአማርኛ ተናጋሪ ከሚፈራው የቀለለ ነው፤ የ«ኝ» ድምፅ በውስጡ አለ፣ «አንተ»ን ከ«እርስዎ» ይለያል። ጉንጭ መሳሳምም ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ኩባውያን ግን አንድ ጊዜ መሳም ይበቃቸዋል። ይልቅስ ስም ነው የሚያስቸግረው፦ በእነርሱ ልማድ ሰው ሁለት የቤተ ሰብ ስም፣ ፊት የአባቱን ቀጥሎ የእናቱን ስለሚይዝ፣ የእኛን ተማሪ የአያት ስም የእናቱ ወገን ስም አድርጎ የሚመዘግብ ጸሓፊ ቢገኝ አይደንቅም። ቡናቸው በትንሽ ስኒ፣ ወፍራምና ስኳር የበዛበት ነው፤ ቶናና በረካ ለለመደ ቶሎ ያልቅበታል፤ ሆኖም ጨዋታው አያልቅምና የተጠራ ተማሪ ሰበብ ፈጥሮ ባይቀር ይበጀዋል።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ፣ ቀጥሎም የሶቪየት ኅብረት ፈርሶ ኩባ በብርቱ ችግር ስትያዝ፣ በዚያ የቀሩትን ኢትዮጵያውያን የላካቸው መንግሥት ከዚያ ወዲያ አልነበረም፤ በእንዲህ ያለ ዘመን የጎረቤት ደጅ ከኤምባሲ ደጅ ይልቅ ይቀርባል።

እንግዲህ ከእምድብርም ሆነ ከወልቂጤ፣ ከቡታጅራም ሆነ ከሌላ ሥፍራ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተህ ወደ ሀቫና ወይም ወደ ማድሪድ የምትሄድ ወጣት ሆይ፣ ኩባ ተምረው የተመለሱ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉና፣ ሻንጣህን ሳትዘጋ አንዱን ፈልገህ ጠይቅ።