የደጋፊን ስም ማን ያወጣል

የደጋፊ ቅጽል ስም የአንድን ቡድን ተከታዮች በጅምላ የሚጠራ ስም ነው። ከቡድኑ ቅጽል ስም ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ባርሴሎና እንደ ቡድን በማሊያው ቀለም «ብላውግራና» ሲባል ደጋፊው «ኩሌ» ይባላል። አርሰናል «ጋነርስ» ማለትም መድፈኞቹ ነው፤ ደጋፊው ግን ቃሉን ትንሽ አጣምሞ ራሱን «ጉነር» ይላል። የቡድኑን ስም መሥራቾቹ ወይም ጋዜጦች ያወጡታል። የደጋፊው ስም ግን የሚወለደው ከሚቆምበት ቦታ፣ ከሰፈሩ ሥራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከተቀናቃኙ አፍ ነው።

ከቦታ የተወለዱት ስሞች ለማየት የቀለሉ ናቸው። ባርሴሎና ከ1909 እስከ 1922 (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይጫወት የነበረው ኢንዱስትሪያ በሚባል ጎዳና ላይ በነበረ፣ 6,000 ያህል ሰው በሚይዝ ሜዳ ነበር። ቦታ ያጣ ተመልካች የአጥሩ ግንብ ላይ ይወጣና ፊቱን ወደ ጨዋታው፣ ጀርባውን ወደ ጎዳናው ሰጥቶ ይደረደራል። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ቀና ሲል የሚያየው በግንቡ አናት ላይ ከዳር እስከ ዳር የተሰለፈ መቀመጫ ነው። በካታላን ቋንቋ የሰው መቀመጫ «ኩል» ስለሚባል ሰዎቹ «ኩሌ» ተባሉ። ክለቡ ሜዳውን ከለቀቀ መቶ ዓመት አለፈው፤ ስሙ ግን በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በኩራት የሚጠሩበት ነው።

የሊቨርፑል ደጋፊ ስም ደግሞ ከጦር ሜዳ የመጣ ነው። ስፒዮን ኮፕ በደቡብ አፍሪካ ናታል የሚገኝ ኮረብታ ሲሆን፣ በጥር 1900 የእንግሊዝ ጦር ከቦዌሮች ጋር ተዋግቶ ከባድ ሽንፈት የደረሰበት ስፍራ ነው። ከወደቁት ብዙዎቹ የላንክሻየር ልጆች ነበሩ። በ1906 በክለቡ ሜዳ በአንፊልድ ከጎሉ ጀርባ አፈር ተቆልሎ ከፍ ያለ የተመልካች መቆሚያ ሲሠራ፣ የከተማው ጋዜጣ የስፖርት አዘጋጅ ኧርነስት ኤድዋርድስ በዚያ ኮረብታ ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበ። ቦታው «ኮፕ»፣ እዚያ የሚቆመው ሕዝብ «ኮፓይት» ሆነ። ከሂልስቦሮው ስታዲየም የ1989 አደጋ በኋላ በእንግሊዝ ትልልቅ ስታዲየሞች ቆሞ ማየት ሲከለከል ኮፕም በ1994 ወንበር ገባበት፤ ስሙ ግን አልተነካም።

ለአዲስ አበባ ስታዲየም ታዳሚ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጥላ ፎቅ፣ ሚስማር ተራ፣ ካታንጋ እያለ ሰው የሚቀመጥበትን ጎን ሲጠራ ኖሯል። ካታንጋ በኮንጎ የሚገኝ፣ በ1960 ልገንጠል ብሎ ጦርነት ያስነሣ ክፍለ ሀገር ስም ነው፤ በእነዚያው ዓመታት የኢትዮጵያ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሠራዊት ሥር ወደ ኮንጎ ዘምተው ነበር። «የካታንጋ ልጆች» ሲባል የሚታሰበው ግን ጦርነቱ ሳይሆን በዚያ ጎን ተጨናንቆ የሚዘምረው ሕዝብ ነው። ኮፕና ካታንጋ ሳይተዋወቁ በአንድ መንገድ የመጡ ስሞች ናቸው።

ከሥራና ከዕቃ የመጡም አሉ። አርሰናል በ1886 የተመሠረተው በዎልዊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ስለነበር መድፉ እስከ ዛሬ በማሊያው ላይ አለ። የአትሌቲኮ ማድሪድ ደጋፊዎች «ኮልቾኔሮስ» ማለትም ፍራሽ ሠሪዎች ይባላሉ፤ በዘመኑ በስፔን ቤቶች የነበረው ፍራሽ የሚለብሰው ልክ እንደ ቡድኑ ማሊያ ቀይና ነጭ መስመር ያለው ጨርቅ ነበር።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የደጋፊን ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው ባላንጣ ነው፤ ከሁሉ የጠነከሩትም ከስድብ የመጡት ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ተሰዳቢው ስድቡን ራሱ ከዘመረው ሰዳቢው እጁ ላይ የሚቀር ነገር የለም።

አርጀንቲና የዚህ ዓይነቱ ስም መፍለቂያ ናት። ሪቨር ፕሌት በ1930ዎቹ መጀመሪያ ለተጫዋች ግዢ በዘመኑ ያልታየ ገንዘብ በማውጣቱ «ሚሊዮኔሮቹ» ተባለ። በ1966 በኮፓ ሊበርታዶሬስ ፍጻሜ ሳንቲያጎ ላይ የኡራጓዩን ፔኛሮልን 2 ለ 0 እየመራ ቆይቶ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ከባንፊልድ ጋር ሲጫወት ተመልካቾች በደረቷ ላይ ቀይ መስመር የተቀባች ነጭ ዶሮ ሜዳ ውስጥ ለቀቁ፤ ነጭ ላይ ቀይ መስመር የሪቨር ማሊያ ነው። ፈሪ ለማለት ነበር። «ጋሊና» (ዶሮ) የሚለው ዘለፋ ለዓመታት ሲያቃጥላቸው ኖሮ፣ ዛሬ ብዙ የሪቨር ደጋፊዎች ዶሮዋን በባንዲራቸው ላይ ይሥላሉ። የባላንጣቸው የቦካ ጁኒየርስ ደጋፊዎችም ከፍግ ስም የወጣውን «ቦስቴሮ» የሚለውን ስድብ እንዲሁ አድርገዋል። በሮዛሪዮ ከተማ ደግሞ የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው፦ በ1920ዎቹ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መርጃ ጨዋታ ሲታሰብ ኒውዌልስ እሺ አለ፣ ሮዛሪዮ ሴንትራል እምቢ አለ። እሺ ያሉት «ለምጻሞቹ»፣ እምቢ ያሉት «ወራዶቹ» ተባሉ። ሁለቱም ስም ዛሬ በከተማው ግድግዳዎች ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል።

የብራዚሉ ፍላሜንጎ ታሪክ ግን ከሁሉም ይበልጣል። የሪዮ ደ ጃኔሮ ተቀናቃኞች የፍላሜንጎን ደጋፊዎች፣ ከመካከላቸው ድሆችና ጥቁሮች ስለሚበዙ፣ «ኡሩቡ» ማለትም ጥንብ አንሣ ብለው ይሰድቡ ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1969 ፍላሜንጎ ለረጅም ጊዜ ሊያሸንፈው ካልቻለው ቦታፎጎ ጋር በማራካና ስታዲየም ሊጫወት ነው። ጥቂት ወጣት ደጋፊዎች ከቆሻሻ መጣያ አንድ ጥንብ አንሣ ይዘው፣ የክለቡን ባንዲራ እግሩ ላይ አስረው፣ ደብቀው ይገባሉ። ከጨዋታው በፊት ይለቁታል። ወፉ ባንዲራውን እያንጠለጠለ በስታዲየሙ ላይ ዞሮ ሳሩ ላይ ሲያርፍ ሕዝቡ «ኡሩቡ! ኡሩቡ!» እያለ ፈነዳ፤ በዚያች ቅጽበት ስድቡ ባለቤቱን ቀየረ። ፍላሜንጎ 2 ለ 1 አሸነፈ። ካርቱኒስቱ ኤንፊል ወፉን እየሣለ በጋዜጣ አስለመደው፤ ጥንብ አንሣም የክለቡ ምልክት ሆኖ ቀረ። በሳኦ ፓውሎም ፓልሜራስ «አሳማ» የሚለውን ስድብ ለዓመታት ሲሸሸው ቆይቶ በ1986 ራሱ ይዘምረው ጀመር።

በሰሜን እንግሊዟ የወደብ ከተማ በሃርትልፑል፣ በናፖሊዮን ጦርነት ዘመን ሰዎች ከመርከብ አደጋ የተረፈችን ጦጣ የፈረንሳይ ሰላይ ናት ብለው ሰቀሉ የሚል አፈ ታሪክ አለ። ጎረቤቶቻቸው «ጦጣ ሰቃዮች» ይሏቸዋል። የሃርትልፑል ዩናይትድ ደጋፊዎች ይህን ተቀብለው ክለቡ የጦጣ ልብስ የሚለብስ ማስኮት አቆመ። በ2002 ያንን ልብስ ይለብስ የነበረው ስቱዋርት ድራመንድ ለተማሪዎች ነጻ ሙዝ አድላለሁ ብሎ ለከንቲባነት ተወዳደረና አሸነፈ፤ እስከ 2013ም በሥልጣን ቆየ። በቤልግሬድ የፓርቲዛን ደጋፊዎች «ግሮባሪ» ማለትም መቃብር ቆፋሪዎች ይባላሉ፤ ጥቁርና ነጭ ማሊያቸውን ያዩ የቀይ ኮከብ ደጋፊዎች ያወጡላቸው ስም እንደሆነ ይነገራል።

በአሜሪካ ዊስኮንሲን አይብ የሚመረትበት ግዛት በመሆኑ የቺካጎ ሰዎች ጎረቤቶቻቸውን «ቺዝሄድ»፣ የአይብ ራስ፣ ብለው ይዘልፉ ነበር። በ1987 ራልፍ ብሩኖ የሚባል የሚልዋኪ ሰው ከእናቱ ሶፋ ውስጥ የወጣውን ስፖንጅ በሦስት ማዕዘን ቆረጠ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ አበጀለት፣ ቢጫ ቀባው፣ ራሱ ላይ ደፍቶ ከቺካጎ ቡድን ጋር ወደሚደረግ የቤዝቦል ጨዋታ ሄደ። ተመልካቹ ከየት ገዛኸው እያለ ያስቆመው ነበር። ባርኔጣው ወደ አሜሪካ እግር ኳስ ተሻግሮ የግሪን ቤይ ፓከርስ ደጋፊዎች መለያ ሆነ፤ በ2023 ፓከርስ ባርኔጣውን የሚያመርተውን ድርጅት ራሱ ገዛው።

ሁሉም ስድብ ግን እንዲህ አይገራም። የለንደኑ ቶተንሃም አይሁድ ደጋፊዎች እንዳሉት ስለሚታወቅ ተቀናቃኞች በጸረ አይሁድ ዘለፋ ያጠቁት ነበር። አይሁድ የሆኑትም ያልሆኑትም ደጋፊዎች ለመከላከል ሲሉ ዘለፋውን ራሳቸው መዘመር ጀመሩ። ክለቡ በ2019 ስለ ቃሉ ጥያቄ ሲያቀርብ ከ23,000 በላይ ሰዎች መለሱ፤ በ2022 ደግሞ ደጋፊው ቃሉን እንዲተወው ጠየቀ። እዚህ ላይ ከጥንብ አንሣው ጋር ያለው ልዩነት መታየት አለበት። ኡሩቡን የተቀበሉት የተሰደቡት ራሳቸው ናቸው። በቶተንሃም ግን ቃሉን ከሚዘምሩት አብዛኞቹ ቃሉ የሚያቆስላቸው ሰዎች አይደሉም፤ ስለዚህ የክለቡ ጥያቄ ተገቢ ነው።

አስራ ሁለት ቁጥር ሌላ ትልቅ ምንጭ ነው፤ አሳቡም አስራ አንዱ ሜዳ ላይ ሲሆኑ ሕዝቡ አስራ ሁለተኛ ተጫዋች ነው የሚል ነው። የቦካ ጁኒየርስ ሕዝብ «ላ ዶሴ» (አስራ ሁለቱ) ይባላል። ስሙ በ1925 ቦካ አውሮፓን ሲዞር አብሮ ከተጓዘው፣ ሻንጣ ከመሸከም እስከ ማሸት ድረስ ካገለገለው ደጋፊ ከቪክቶሪያኖ ካፋሬና ጋር ይያያዛል። ባየር ሙኒክና ፌየኖርድ 12 ቁጥር ማሊያ ለተጫዋች አይሰጡም፤ የሕዝቡ ነው።

ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን ቁጥሩ ከስም አልፎ ሥርዓት ሆኗል። ጥር 2 ቀን 1922 ዳላስ ላይ የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ሲጫወት የሚጎዱት በዙ። አሠልጣኙ ከተመልካቹ መካከል ኪንግ ጊል የሚባለውን ተማሪ አስጠራው። ጊል ትሪቡኑ ሥር ገብቶ የተጎዳ ተጫዋች ልብስ ለብሶ ጨዋታው እስኪያልቅ በመስመሩ ዳር ቆመ። አልገባም፤ አላስፈለገም። ከዚያ ወዲህ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ጨዋታውን በሙሉ ቆመው ነው የሚያዩት፤ ከተጠራን ዝግጁ ነን ለማለት። ዩኒቨርሲቲው «አስራ ሁለተኛው ሰው» የሚለውን ስም በ1990 በንግድ ምልክትነት አስመዘገበ። በ1984 ለደጋፊዎቹ ክብር 12 ቁጥርን ከማሊያ ያነሣው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ሲያትል ሲሆክስም በ2006 ተከሶ በስምምነት ክፍያ ለመክፈል ተገደደ። ከሕዝብ የወጣ ስም በፍርድ ቤት ባለቤት ሲፈለግለት ማየት ደስ አያሰኝም።

በሠራዊትና በአገር የሚጠሩም ብዙ ናቸው። የስኮትላንድ ተከታዮች «ታርታን አርሚ»፣ የኒውካስል «ቱን አርሚ»፣ የፌየኖርድ «ሌጂዮን» ይባላሉ። የእንግሊዝ ክሪኬት ደጋፊዎችን «ባርሚ አርሚ»፣ ያበደ ሠራዊት፣ ያላቸው ከ1994 እስከ 1995 ባለው የውድድር ወቅት ቡድናቸው እየተሸነፈም ዘፈናቸውን ያላቋረጡትን ያየው የአውስትራሊያ መገናኛ ብዙኃን ነው። የቤዝቦሉ ቡድን የቦስተን ሬድ ሶክስ ደጋፊዎች ደግሞ ከ1986 ጀምሮ በአንድ የጋዜጣ ጽሑፍ ምክንያት «ሬድ ሶክስ ኔሽን» ናቸው።

ከእነዚህ ለየት የሚሉት የተደራጁ ቡድኖች ስሞች ናቸው፤ የሚጠሩት ደጋፊውን በሙሉ ሳይሆን በአባልነት የታቀፈውን ነው። በካይሮ በ2007 የተቋቋሙት የአል አህሊው «አልትራስ አህላዊ» እና የዛማሌኩ «ዋይት ናይትስ» እስከ 2018 ድረስ የዚህ ዓይነት ነበሩ። የካቲት 1 ቀን 2012 በፖርት ሰኢድ ስታዲየም ከ70 በላይ የአል አህሊ ደጋፊዎች ከሞቱ በኋላ የአልትራስ አህላዊ ስም በግብፅ የሐዘን ስምም ሆኗል።

ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ የቡድኑና የደጋፊው ስም ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። የዳሬ ሰላሙ ያንጋ ሕዝብ «ዋናንቺ»፣ የአገሩ ሰዎች፣ ይባላል። የኢትዮጵያ ስሞችም እንዲሁ ናቸው፤ የሚቀዱትም ከአገሩ ምድርና ታሪክ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ «ፈረሰኞቹ» ከክለቡ ጠባቂ ቅዱስ ሥዕል፣ የኢትዮጵያ ቡና «ቡናማዎቹ» ከማሊያውና ከስሙ፣ የባሕር ዳር «የጣና ሞገዶቹ» ከሐይቁ፣ የአርባ ምንጭ «አዞዎቹ» ከጫሞ፣ የጎንደሩ ፋሲል ከነማ «ዐፄዎቹ» ከነገሥታቱ፣ የወላይታ ድቻ «የጦና ንቦች» ከወላይታ የመጨረሻ ንጉሥ ከጦና የመጡ ናቸው። እነዚህ በሬዲዮና በጋዜጣ የጸኑ፣ ክብር ያላቸው ስሞች ሲሆኑ ስድብ የለባቸውም። በትሪቡኑ ላይ የሚሰማው ግን አጠር ይላል፤ የጊዮርጊስ ሰው «ሳንጃው!» ብሎ ይጠራል።

የውጭ ክለቦችን የሚከተለው ኢትዮጵያዊም ስሞቹን ወደ ቋንቋው መልሷቸዋል፦ መድፈኞቹ፣ ቀያይ ሰይጣኖቹ፣ ሰማያዊዎቹ። የተመለሱት ግን የቡድኖቹ ስሞች ናቸው። «ጉነር» እና «ኮፓይት» በአማርኛ አቻ አልወጣላቸውም። ጨዋታ በሚታይባቸው ቤቶች በር ላይ የሚጠየቀው «የማን ደጋፊ ነህ?» አይደለም፤ «አርሴ ነህ ማንቼ?» ነው።