የካቶሊክ ትውፊት፣ ፌሚኒዝምና የአራዳ ሴቶች

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትውፊታዊ ትምህርት ሴትና ወንድ በክብር እኩል፣ በጥሪ ግን የተለያዩ ናቸው ይላል። ሁለቱም በእግዚአብሔር አምሳል ተፈጥረዋል፤ ሁለቱም አንዲት ጥምቀት ተጠምቀዋል፤ አባትነትና እናትነት፣ ክህነትና ምንኩስና ግን እንደ ልብስ የሚለዋወጡ አይደሉም። ፌሚኒዝም ከዚህ ትምህርት ጋር የሚጋጨው በሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። ልዩነት ሲባል የኖረው ነገር ሴቷን ከውሳኔ ማራቂያ ሆኖ አገልግሏል የሚለው የፌሚኒስቶች ክስ በታሪክ ብዙ ማስረጃ አለው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በበኩሏ፣ ልዩነቱ ከተካደ መጀመሪያ የሚዋረደው እናትነት ነው ትላለች።

ይህን ክርክር ከአዲስ አበባው አራዳ ሆኖ መመልከት ይቻላል። የካቶሊክ እምነት እዚህ አካባቢ የገባው ከተማዋ ሳትቆረቆር ነው። ጣሊያናዊው የካፑቺን ማኅበር መነኩሴ አባ ማስያስ (ጉልየልሞ ማሳያ) ከንጉሥ ምኒልክ ፈቃድ አግኝተው፣ ዛሬ አራዳ ጊዮርጊስ በሚገኝበት በብርብርሳ አካባቢ ሚሲዮን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1868 ነበር። በ1879 በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ከአገር ወጡ፤ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ከዚያ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ከፒያሳ ብዙም የማይርቀው የልደታ ለማርያም ካቴድራል የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳስ መንበር ሲሆን፣ ቅዳሴው የሚቀደሰው በግእዝ ሥርዓት ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ካቶሊኮች ከኢትዮጵያ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ትምህርት ቤቶቻቸውና የእርዳታ ቤቶቻቸው ግን ከቁጥራቸው በላይ ይታወቃሉ።

ኢትዮጵያውያን ሴቶች ከሮም ትምህርት ጋር የተጋጩበት የቀድሞው ታሪክም መዘንጋት የለበትም። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል የቤተ መንግሥት እመቤቶች ነበሩ። ከሁሉ የምትታወቀው ወለተ ጴጥሮስ ናት። ባሏ የንጉሡ ባለሟል ነበር፤ እርሷ ግን ትታው መነኮሰች፣ በእምነቷም ጸንታ ማኅበር መሠረተች። ገድሏ በ1672 ተጽፏል። ያን ጊዜ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን የአገሩን የጋብቻ ልማድ፣ በተለይም የፍቺን መቅለል፣ እንደ ትልቅ ነቀፋ ይቆጥሩት ነበር። የካቶሊክ ትምህርት የጋብቻን አለመፈታት የሴት ጋሻ አድርጎ ያየዋል፤ ለወለተ ጴጥሮስ ግን ባልን ትቶ መሄድ የነጻነት መንገድ ሆነ። የማይፈታ ጋብቻ ሴትን ይጠብቃል ወይስ ያስራል የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ የክርክሩ እምብርት ነው።

የዘመናዊው ትውፊታዊ አቋም ዋና ሰነድ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 31 ቀን 1930 ያወጡት «ካስቲ ኮኑቢ» የተሰኘ ስለ ጋብቻ የሚናገር መልእክት ነው። ባል የቤቱ ራስ፣ ሚስትም ልብ ናት ይላል። የሴቶች «ነጻ መውጣት» ተብሎ የሚጠራውንም በሦስት መልኩ አይቶ ይነቅፈዋል፦ እናትነትን ከሸክም መቁጠር፣ ባል ሳያውቅና ሳይፈቅድ የራስን ንግድና ንብረት ማስተዳደር፣ ቤትን ትቶ ወደ አደባባይ መውጣት። ይሁንና ብዙዎች የማያነቡት ክፍል አለው። የሚስት መገዛት የሰውነት ነጻነቷን እንደማይነጥቃት፣ ከአእምሮና ከክብሯ ጋር የማይስማማ ፈቃድ ሁሉ እንደማያስገድዳት፣ ባል ግዴታውን ከዘነጋ ደግሞ ቤቱን የመምራት ቦታ የእርሷ እንደሚሆን ይናገራል። 

የኢትዮጵያ ሕግ ራሱ ከዚህ ብዙም አልራቀም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። ከዚያ በፊት ለዘመናት ሚዛን ሆኖ የኖረውን ፍትሐ ነገሥት ወደ እንግሊዝኛ የተረጎሙት ደግሞ አባ ጳውሎስ ጻድዋ ናቸው፤ ትርጉሙ እ.ኤ.አ. በ1968 ታተመ። እኚሁ አባት በኋላ የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1985ም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል ሆነዋል። የባል ራስነት ከሕጉ የወጣው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። በዚሁ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት ሆነ። ለዚህ የታገሉት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና መሰሎቹ ነበሩ።

ሮምም በነበረችበት አልቆመችም። ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1945 ለጣሊያን ሴቶች ባደረጉት ንግግር በፖለቲካ እንዲሳተፉና ድምፅ እንዲሰጡ አሳሰቧቸው። ዮሐንስ 23ኛ በ1963 ሴቶች መብታቸውን ማወቃቸውን ከዘመኑ ምልክቶች አንዱ አድርገው ቆጠሩት። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ የ1988 መልእክት ነው። በኤፌሶን ምዕራፍ 5 ላይ ሚስቶች ለባሎቻቸው ይገዙ የሚለው ቃል፣ አንዱ ለሌላው ይገዛ ከሚለው ከቀደመው ቁጥር ጋር አብሮ መነበብ አለበት፤ መገዛቱም የሁለቱም ነው አሉ። ቃሉ ሚስትን ብቻ ለመገሠጽ ሲጠቀስ ለኖረበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1995 ለሴቶች በጻፉት ደብዳቤ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ለሴቶች ጭቆና ስላበረከቱት ድርሻ ማዘናቸውን ገልጸው፣ ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ እንዲከፈል ጠየቁ። በዚያው ዓመት «አዲስ ፌሚኒዝም» እንዲወለድ ጥሪ አቀረቡ፤ ሴት ወንድን በመምሰል ሳይሆን በሴትነቷ ሕይወትን የምትጠብቅበት ማለታቸው ነው።

የትውፊቱ ደካማ ጎን የሚታየው በኑሮ ነው። ከሊዮ 13ኛ የ1891 (እ.ኤ.አ.) መልእክት ጀምሮ የሴት ተገቢ ቦታ ቤት እንደሆነ ሲነገር፣ አብሮት የተነገረ ቅድመ ሁኔታ ነበር፦ የአባት ደመወዝ ቤተሰቡን ማኖር አለበት። ይህ ደመወዝ ለአብዛኛው የአራዳ ቤተሰብ ኖሮ አያውቅም። በጉልት ተቀምጣ ሽንኩርት የምትሸጠው፣ እንጀራ ጋግራ የምታስረክበው፣ ጠላ ጠምቃ ልጆቿን የምታስተምረው እናት ቤቷን ያቆመችው ከቤት በመውጣት ነው።  ስለዚህ «ሴት ከቤት ወጣች» የሚለው የአውሮፓ ስጋት እዚህ ሲደርስ ትርጉም ያጣል። ደመወዙን ሳያስገኙ የቤቱን ግዴታ ብቻ መስበክ በድሃ ሴት ላይ ሸክም መጨመር ነው፤ ትውፊቱ በራሱ ሚዛን ቢመዘን እንኳ ይህን አይፈቅድም።

ጠንካራ ጎኑም እዚሁ አካባቢ ይታያል። የካቶሊክ ትምህርት ለሴት ከጋብቻ ውጭ የተከበረ መንገድ ከፍቷል። ደናግል (ሲስተሮች) ያለ ባል ኖረው ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ማሳደጊያ ያስተዳድራሉ፤ ገንዘብ ይይዛሉ፣ አለቃቸውን ከመካከላቸው ይመርጣሉ። በአዲስ አበባ ናዝሬት ስኩል ስንት ሴት ልጆችን እንዳስተማረ ከተማው ያውቀዋል። ልጅቷ ካልተዳረች ምን ትሆናለች ለሚለው የኅብረተሰቡ ጭንቀት፣ የሲስተሮቹ ሕይወት ራሱ መልስ ነበር።

እናት ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1973 ኢትዮጵያ መጥተው ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ አገኙ። ከፒያሳ በላይ ስድስት ኪሎ ያለው ቤታቸው፣ ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ነጭ ሳሪ በለበሱ ሲስተሮች እየተመራ፣ ሕሙማንንና የተጣሉ ሕፃናትን ይቀበላል። በ1995 ዓለም አቀፉ የሴቶች ጉባኤ ቤጂንግ ሲካሄድ፣ እናት ቴሬዛ በላኩት መልእክት ወንድና ሴት ፍጹም አንድ ናቸው የሚሉትን ተቃወሙ፤ የሴት ልዩ ስጦታ ፍቅርና እናትነት ነው አሉ። ልጅ ያልወለዱ፣ በብዙ አገር የተዘረጋ ድርጅት የመሩ ሴት ይህን መናገራቸው ትውፊቱን በአጭሩ ያሳያል። እናትነት ከማኅፀን በላይ የሰፋ ጥሪ ነው፤ ሥልጣንም ከአገልግሎት አይለይም።

ልዩነቱ የማይታረቅባቸው ጉዳዮች አሉ። ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1968 ሰው ሠራሽ የወሊድ መከላከያን ከለከሉ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ የምትፈቅደው የተፈጥሮ ዘዴን ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ እርግዝናው በመደፈር ወይም ከቅርብ ዘመድ ሲመጣ፣ የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ሲያሠጋም ጨምሮ፣ ጽንስ ማቋረጥን በተወሰኑ ሁኔታዎች ፈቅዷል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ይህን አትቀበልም። የሴቶች መብት ተሟጋቾች ሕጉን ያለ ሐኪም በሚደረግ ውርጃ ከሚጠፋ ሕይወት አንጻር ይመዝኑታል። ሁለቱም ወገን የሚናገረው ስለ ሕይወት ነው፤ የሚለያዩት ማን ቀድሞ ይታያል በሚለው ላይ ነው።

ክህነትም እንዲሁ። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1994 ቤተ ክርስቲያን ለሴት ክህነት ለመስጠት ሥልጣን የላትም ሲሉ ጉዳዩን ዘጉት፤ ምክንያቱም ክርስቶስ ሐዋርያት አድርጎ የመረጠው ወንዶችን ነው የሚል ነው። በአዲስ አበባ ይህ አቋም ብቻውን አይቆምም፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ለሴት ክህነት አትሰጥም፤ ወንጌላዊቷ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ግን ሴቶችን ትሾማለች።

ከክህነት በታች ያለው በር ግን እየተከፈተ ነው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2021 የአንባቢነትና የመሠዊያ አገልጋይነት ሹመትን ለሴቶች ፈቀዱ፤ በ2023ቱ ሲኖዶስ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጡ። በጥር 2025 ደግሞ ጣሊያናዊቷ ሲስተር ሲሞና ብራምቢላ የመነኮሳትና የደናግል ጉዳይን የሚመራው የቫቲካን መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኑ፤ በዚህ ማዕረግ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የመጡትም በኢትዮጵያም ለዓመታት ካገለገለው ከኮንሶላታ የሚሲዮናውያን ቤተሰብ ነው።