ሴሚኮንዳክተር ብሬከር በቀጥተኛ ጅረት መረብ ላይ

በተለዋዋጭ ጅረት መስመር ላይ ሜካኒካል ብሬከር ሥራውን በቀላሉ የሚያከናውነው ጅረቱ ራሱ ስለሚያግዘው ነው። የ50 ኸርዝ ጅረት በየ10 ሚሊ ሰከንዱ ዜሮ ይደርሳል፤ መገናኛዎቹ ሲላቀቁ በመካከላቸው የሚፈጠረው አርክም በዚያች ቅጽበት ይጠፋል። እንደ አዲስ አበባ ቀላል ባቡር የ750 ቮልት መስመር ባለ የቀጥተኛ ጅረት መረብ ግን ይህች ቅጽበት የለችም።

ይበልጥ የሚያስቸግረው የጅረቱ የዕድገት ፍጥነት ነው። በ400 ቮልት መረብ ላይ ሾርት ቢፈጠርና የዙሩ ኢንዳክታንስ 20 ማይክሮ ሄንሪ ቢሆን፣ ጅረቱ መጀመሪያ ላይ በየማይክሮ ሰከንዱ 20 አምፔር ይጨምራል። የመገናኛዎቹ መላቀቅ ብቻውን ሚሊ ሰከንዶችን ስለሚወስድ፣ እስከዚያ የኮንቨርተሩ ዳዮዶች ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ሴሚኮንዳክተር ብሬከር የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ትራንዚስተሩ ጅረቱን በማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ ይቆርጣል። ይሁን እንጂ በመስመሩ ኢንዳክታንስ የተከማቸው ኃይል መሄጃ ካላገኘ ቮልቴጁን አንሮ ትራንዚስተሩን ያበላሻል፤ ስለዚህም በትይዩ የሚገጠም ቫሪስተር ኃይሉን ተቀብሎ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል።

ዋጋው የሚከፈለው መስመሩ ጤናማ ሆኖ ሳለ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ እንዲቆርጥ ሁለት ትራንዚስተሮች በተከታታይ ተገጥመውለት በጥቅሉ 4 ቮልት የሚጥል ብሬከር፣ 200 አምፔር ሲያስተላልፍ ያለማቋረጥ 800 ዋት ሙቀት ያመነጫል። ሲሊከን ካርባይድ ይህን ብክነት ይቀንሰዋል፤ ግን ውድ ነው። ኤቢቢ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ያደረገው ድብልቅ ብሬከር በአዘቦቱ ጊዜ ጅረቱን አነስተኛ ብክነት ባለው ፈጣን ሜካኒካል ማብሪያ በኩል ያሳልፋል፤ የሚቆርጠውም በ5 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ነው። ትላልቅ ሪአክተሮች የጅረቱን ዕድገት ለሚያዘገዩለት የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ይህ ይበቃል፤ ከላይ ለተጠቀሰው የ400 ቮልት ዙር ግን እጅግ የዘገየ ነው።